«ሰርግ ላይ ተኩሼ ጆሮዬ ጭው እንዳለ ቀረ፣ ልጠብቅ ወይስ ልምጣ?» ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህ ረጅም ስለሆነ ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ዘንዘልማ አካባቢ የአጎትህ ልጅ ሰርግ ነበር፣ እሁድ ከሰዓት ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ሲመጣ ክላሽ ሰጡህና ሰደፉን ቀኝ ትከሻህ ላይ አድርገህ ወደ ሰማይ አንድ ካዝና ጨረስክ፣ 30 ጥይት፣ ጆሮህ ላይ ምንም አላደረግክም። ወዲያው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስል ሁሉ ነገር ታፈነብህ፣ ማታ ላይ ትንሽ ለቀቅ አለህ፣ ግራ ጆሮህ ግን ጭው ማለቱን አላቆመም፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ፋርማሲ ጠብታ ሰጡህ፣ አያትህ ዘይት ሞቅ አድርገን እንጨምርበት አሉ፣ አጎትህ ደግሞ «እኛ ስንት ዘመን ተኩሰን ምን ሆን፣ ይለቅሃል» አለህ። ቅዳሜ ቅልቅል አለ፣ እዚያም መተኮስህ አይቀርም። መጨረሻ ላይ እግረ መንገድህን የ9 ዓመት ወንድምህ አጠገብህ ሆኖ ቀለህ ሲለቅም እንደነበር ጽፈሃል፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ተነስተህ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የቀረበህ ጋ ሂድና አንገት በላይ ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ፣ ተኩስ ነው የጎዳኝ በል። «ጆሮዬን አሞኛል» ብቻ ካልክ ኩክ ነው፣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሰልፍ ላይ ልትቆይ ትችላለህ፣ «እሁድ ተኮስኩ፣ ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል» ካልክ ግን ነገሩ ቀን የሚቆጠርበት መሆኑ ይገባቸዋል። ትንሽ ይረዝማል ግን እስከመጨረሻው አንብበው፣ ምክንያቱም በዚህ የጆሮ ሕክምና ስራ በጣም የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ሰው በሶስተኛው ቀን መምጣት ሲችል በአምስተኛው ወር ይመጣል፣ ለምን ቆየህ ስለው «ይለቅሃል ብለውኝ ነው» ይለኛል፣ ያኔ እኔ የቀረኝ ስራ የጎደለውን ለክቶ ወረቀት ላይ ማሳየት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የድምጹን ነገር እንይ። ድምጽ በዴሲቤል ነው የሚለካው፣ እኔና አንተ ሻይ ይዘን ብናወራ 60 አካባቢ ነው፣ ክላሽ ተኳሹ ጆሮ ላይ 160 አካባቢ ይደርሳል። ይሄን ስነግራቸው «ታዲያ ሶስት እጥፍ እንኳ አይሞላም» የሚሉኝ አሉ፣ ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ አይደለም፣ 20 በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት በ10 ይባዛል፣ ስለዚህ ከ60 እስከ 160 መቶ ሺህ እጥፍ ግፊት ነው። ለአዋቂ ጆሮ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ መታለፍ የለበትም የሚባለው ጣሪያ 140 ነው። ክላሽ በለው ምንሽር በለው ሽጉጥ በለው ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው፣ አንተ በአንድ ካዝና 30 ጊዜ አልፈኸዋል ማለት ነው። ቆርቆሮ ዳስ ስር ወይ ግድግዳ ጥግ ከቆምክ ደግሞ ድምጹ ተመልሶ ድጋሚ ይመታሃል።

ጆሮ ራሱን አይከላከልም ወይ ብትል ይከላከላል፣ መሀል ጆሮ ውስጥ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ፣ ኃይለኛ ድምጽ ሲመጣ ተኮማትረው አጥንቶቹን ያጠብቃሉ፣ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ወይ ከበሮ እየበረታ ሲመጣ ይረዳሉ። ግን በደንብ እስኪኮማተሩ የሰከንድ አንድ አስረኛ ያህል ይፈልጋሉ፣ የጥይት ምት ደግሞ በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ገብቶ ጨርሷል። ዘበኛው ከእንቅልፉ ሳይነሳ ሌባው ወጥቷል በለው።

የሚጎዳው ቦታ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ታምቡሩ ብቻ አይደለም። ታምቡር ቢቀደድም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ትልቁ ጉዳት ውስጥ ነው፣ ኮክሊያ የምትባል አተር የምታክል እንደ ቀንድ አውጣ ሁለት ዙር ተኩል የተጠቀለለች ነገር አለች፣ ውስጧ ውሃ ነው፣ ውሃው ስር 15 ሺህ ገደማ ጸጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ህዋሶች ተደርድረዋል። ጣና ዳር ደንገሉን አይተኸዋል አይደል፣ ታንኳ ሲያልፍ ጎንበስ ይልና ይመለሳል፣ ማዕበል ሲመታው ግን ከፊት ያለው ረድፍ ይሰበራል። እነዚህም እንደዚያው ናቸው፣ ተራ ድምጽ ያወዛውዛቸዋል፣ ጥይት ይሰብራቸዋል፣ መጀመሪያ የሚሰበሩትም መግቢያው አካባቢ ያሉት፣ ቀጭን ድምጽ የሚሰሙት ናቸው። ልዩነቱ ደንገል ተመልሶ ይበቅላል፣ የሰው ጆሮ ግን አያበቅልም። የሚገርምህ ዶሮ ታበቅላለች፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች የወፎችና የዶሮ ጆሮ በድምጽ ከተጎዳ በኋላ አዲስ ህዋስ እንደሚያወጣ አረጋገጡ፣ ከዚያ ወዲህ ለሰው እንዴት ይደረግ ተብሎ ብዙ ተደክሟል፣ እስካሁን ግን ሄደህ የምትገዛው መድኃኒት የለም። ግቢህ ውስጥ ያለው አውራ ዶሮ ካንተ ይሻላል ማለት ነው በዚህ ነገር።

አሁን ወደ ግራ ጆሮህ ልምጣ፣ ለምን ግራው ባሰበት ብለህ ጠይቀሃል። ቀኝ ትከሻ ላይ አስደግፈህ ስትተኩስ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ያርፋል፣ ራስህ ትንሽ ይዞራል፣ ያኔ ቀኝ ጆሮህ በራስ ቅልህ ጥላ ስር ይሆናል፣ ግራው ግን ፊት ለፊት ወደ አፈሙዙ ይዞራል። ለዚህ ነው ቀኝ እጁ የሆነ ተኳሽ ግራ ጆሮው ቀድሞ የሚጎዳው፣ የምርመራውን ወረቀት አይቼ ሰውየውን ሳልጠይቅ «ጠመንጃ ትይዛለህ?» የምለው በዚህ ነው። ወረቀቱ ኦዲዮግራም ይባላል፣ በግራ በኩል ወፍራሙ ድምጽ በቀኝ በኩል ቀጭኑ ነው፣ ግራ ጆሮ በሰማያዊ የኤክስ ምልክት ይሳላል። የተኳሽ መስመር እንዲህ ነው፣ ከ250 እስከ 2000 ኸርዝ (የድምጽ ቅጥነት መለኪያ ነው) ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ 3000 ላይ መውረድ ይጀምራል፣ 4000 ወይ 6000 ላይ ገደል ይገባል፣ 8000 ላይ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርደህ ደጀን ላይ እንደምትወጣው፣ ልክ እንደዚያ። እድሜ ያመጣው ከሆነ ወርዶ ይቀራል፣ ማዶ አይወጣም።

አጎትህ ምን ሆን ያሉት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያልዋሹ ይመስለኛል፣ ሳያውቁት ነው። አንድ አባት ነበሩ፣ ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም፣ ከ60 በላይ ናቸው፣ ወጣትነታቸውን ሙሉ ሰርግም ለቅሶም ላይ ሲተኩሱ የኖሩ። ይዘዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ናቸው፣ «ንቆኛል፣ ከጓዳ ስጠራው ዝም ይላል» ብለው ተቀይመው። እሳቸው ደግሞ «እሰማለሁ እኮ፣ አፏን እያፈነች ነው የምታወራው» ይላሉ። ማሽኑ ላይ ከማስቀመጤ በፊት አፌን በወረቀት ከልዬ አንድ አንድ ቃል እየተናገርኩ ድገሙልኝ አልኳቸው። «መራ» ስል «መራ» አሉ፣ «በላ» ስል «በላ» አሉ፣ ኮራ ብለው ባለቤታቸውን አዩዋቸው። «ሰራ» ስል «ጠራ» አሉኝ። «ፈራ» ስል አሁንም «ጠራ»። «ሰማ» ስል ዝም አሉና ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩት፣ ለካ እስከዛሬ ግማሹን የሚሰሙት ከከንፈር ላይ ነበር። መ፣ ነ፣ ለ፣ ገ ወፍራም ስለሆኑ ይሰማሉ፣ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ ቀጭን ናቸው፣ ገደሉ ውስጥ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ድምጽ ይሰማል ቃል ግን አይለይም፣ ጆሮዬ ደህና ነው ብሎ ይምላል፣ ሰው ሲበዛ ወይ ዕቃ ሲንኳኳ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል፣ የሴትና የልጅ ድምጽ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የሚቀረው የሚስቱና የልጅ ልጁ ነው። ባለቤታቸው ያን ቀን ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ስንት ዓመት በንቀት የተረጎሙት ነገር ነው። አጎትህንም እስቲ ከጀርባቸው ሆነህ ቀስ ብለህ አናግራቸው።

እና «ማታ ላይ ለቀቅ አለኝ» ያልከው ጥሩ ምልክት ነው፣ የደከሙ ህዋሶች ያገግማሉ፣ መታፈኑ በሰዓታት ወይ በቀናት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ግን ለቀቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ የተሰራ ምርምር ለሁለት ሰዓት ኃይለኛ ድምጽ ካሰሟቸው በኋላ የመስማት ልካቸው ወደነበረበት ተመለሰ፣ ህዋሶቹም ቆመዋል፣ ከህዋሱ ወደ ነርቭ የሚያገናኙት ጫፎች ግን ግማሽ ያህሉ ጠፍተው ተገኙ። ወረቀቱ ደህና ነው እያለ ውስጡ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው፣ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ዛሬ ደህና የመሰለው ከ15 ዓመት በኋላ በ40 ዓመቱ «ስብሰባ ላይ አልሰማ አለኝ» ብሎ የሚመጣው።

ጭው የሚለው ድምጽ ራሱ ምንድነው? ነፍሳት አልገባብህም፣ ንፋስም አይደለም። ከጆሮ ይመጣ የነበረው ቀጭን ድምጽ ሲቋረጥበት አንጎልህ ፍለጋ የራሱን ማጉያ ከፍ ያደርጋል፣ የምትሰማው እሱን ነው። ማታ ሲብስብህ አትደንግጥ፣ ዝም ስለሚል ነው፣ ሬዲዮ በጣም ዝቅ አድርገህ ከፍተህ ተኛ። ብዙ ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራል፣ አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ዛሬ ሆኖ የሚነግርህ ሰው ካለ አትመነው።

ሐኪም ጋ ስትሄድ መጀመሪያ ጆሮህን በመብራት ያያል፣ ኩክ ካለ ያነሳል፣ ታምቡሩ ተቀዶ እንደሆነ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ኦዲዮሜትሪ የሚባለውን የመስማት ልክ ምርመራ ያዝልሃል። መስማትህ ወርዶ ከተገኘ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን እብጠት የሚቀንስ ኪኒን ለተወሰነ ቀን ሊያዝልህ ይችላል፣ ቀን የሚቆጠረው ለዚህ ነው፣ የሚሰራ ከሆነ የሚሰራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው በጣም ይመነምናል። እውነቱን ለመናገር ለተኩስ ጉዳት ያለው ማስረጃ በድንገት ያለምክንያት ለሚጠፋ መስማት ያለውን ያህል ጠንካራ አይደለም፣ ግን ብዙዎቻችን ቶሎ ለመጣ ሰው እንሰጠዋለን። በራስህ ገዝተህ እንዳትውጠው ግን አደራ፣ ስኳር ያለበት፣ ጨጓራ የሚያመው፣ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ወይ የነበረበት ሰው ላይ ጣጣ ያመጣል፣ ይሄን ሁሉ ሐኪሙ ጠይቆህ ነው የሚወስነው።

እስከዚያው ቤት ሆነህ አንድ ነገር ሞክር። አፍህን ዘግተህ እምምም በል፣ ድምጹ ወዴት እንደሚያደላ አዳምጥ። ወደታመመው ግራ ጆሮ ካደላ መግቢያው ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ ታምቡር ወይ ኩክ፣ ወደ ደህናው ቀኝ ካደላ ግን ጉዳቱ ውስጥ ነርቩ በኩል ነው። ምርመራን አይተካም፣ ሄደህ ስትናገረው ግን ይጠቅማል።

ጠብታውን አውጣና ስሙን አንብበው። ጄንታማይሲን ካለበት አሁኑኑ ተው፣ ታምቡርህ ተቀዶ ከሆነ ወደ ውስጥ ገብቶ የቀሩትን ህዋሶች የሚጎዳ መድኃኒት ነው፣ ሌላም ቢሆን ታምቡሩ ሳይታይ ምንም አይጨመር። ለአያትህ በፍቅር ንገራቸው፣ ዘይቱም ጤና አዳሙም ይቅር። ጣና ዋና እንዳትገባ። ጸበል አትሂድ አልልህም፣ ሂድ፣ ጠጣው ተጠመቀውም፣ ብቻ ጥጥ ላይ ቫዝሊን ቀብተህ ጆሮህን ድፈንና ውሃ እንዳይገባ አድርግ፣ ካህኑም ብትነግራቸው አይቃወሙህም። ሄድፎን ለጊዜው አስቀምጠው።

ቅዳሜ አትተኩስም። ይሄን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትዕዛዝ ውሰደው፣ የተጎዳ ጆሮ ላይ ሁለተኛ ካዝና ማለት የሚያገግመውንም መግደል ነው። «ፈራ» ይሉሃል፣ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ያደግኩ ነኝ፣ ሽለላው ሲጀመር ጠመንጃ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ ይገባኛል። «ሐኪም ከልክሎኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» በል፣ ይሄ ማንንም አያዋርድም። ራቅ ብለህም ቁም፣ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ከተኳሹ 1 ሜትር ላይ መቆምና 10 ሜትር ላይ መቆም በጣም ይለያያል። ወደ ሰማይ የሄደው ጥይት ተመልሶ ሰው ራስ ላይ የሚወርደው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን እንኳ ዛሬ ትቼዋለሁ።

ለወደፊቱ፣ በተለይ ጥበቃ ለሆናችሁ፣ ሚሊሻ ወይ ፖሊስ ሆናችሁ ለልምምድ ለምትተኩሱ፣ ጥጥና ሶፍት ከንቱ ነው፣ ቢቀንስልህ ጥቂት ዴሲቤል ነው። ሄልሜትና ጓንት የሚሸጡ የሴፍቲ እቃ ሱቆች ጋ ኢርፕለግ በሉ፣ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ የሆነው። አገባቡ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። በሁለት ጣትህ እየዶለዶልክ እንደ ቀጭን ክብሪት እንጨት እስኪሆን ጠቅልለው፣ ሌላውን እጅህን በራስህ ኋላ አዙረህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ ቀዳዳው ያኔ ይቃናል፣ ቶሎ አስገባውና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ በጣትህ ደግፈህ ያዘው። ውጭ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ ከሆነ አልገባም። በደንብ የገባ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ይቀንስልሃል፣ 160ውን ወደ 140 ወይ ከዚያ በታች ያወርደዋል ማለት ነው። ላዩ ላይ እንደ ሄድፎን ያለውን መሸፈኛ ብትደርብበት 5 ገደማ ይጨምርልሃል፣ ለክላሽ ሁለቱንም ደርቡ ነው የምለው።

አሁን ትንሹ ወንድምህ። እሱን በአንድ መስመር ነው የጻፍከው፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ ነው። ክላሽ ቀለሁን የሚወረውረው ወደ ቀኝና ወደ ፊት ነው፣ ስለዚህ ቀለህ የሚለቅም ልጅ ካንተ ኋላ አልነበረም፣ በስተቀኝህ ከፊትህ፣ ካንተ ይልቅ ለአፈሙዙ ቀርቦ ነው የቆመው፣ የአፈሙዝ ድምጽ ደግሞ ከኋላ ይልቅ በፊትና በጎን ይበረታል። አንተ ቢያንስ ቃታውን ስትስብ ታውቃለህ፣ እሱ አጎንብሶ መሬት እያየ ነበር። ለልጅ ጆሮ ጣሪያው 140 አይደለም፣ 120 ነው። «ምንም አላለም» ብለሃል፣ ልጅ አይልም፣ ጭው ሲልበት ሁሉም ሰው ጆሮ እንደዚያ የሚጮህ ይመስለዋል፣ ወይ ከሰርጉ እንዳይከለክሉት ዝም ይላል።

ዛሬ ማታ ከኋላው ቁም፣ ክንድ ያህል ርቀህ። አንዱን ጆሮውን በጣትህ ደፍነህ እያሻሸህ በሌላው በኩል በሹክሹክታ «ስድስት፣ ሰባት» በለው፣ ድገምልኝ በለው፣ ከዚያ በሌላው ጆሮ ቁጥር ቀይረህ ሞክር። ቢደግምም ባይደግምም ነገ ይዘኸው ሂድ፣ ትምህርት አንድ ቀን ቢቀርበት ይቅርበት። መርፌ የለውም በለው፣ ሄድፎን አድርጎ ቲት የሚል ድምጽ በሰማ ቁጥር ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ ቁርሱን ግን አብሉት፣ የተራበ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል።